ማስታወቂያም ይናፈቃል?

ሰሞኑን ለንደን ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ገንዘብ ተቀብሎ ማስታወቂያ አሳየን። በትክክል ነው ያነበባችሁት። ፊልም አይደለም፣ ማስታወቂያ። ድሮ በእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች ከፊልሙ በፊት ይታዩ የነበሩ የሲጋራ፣ የብርቱካን መጠጥ፣ የአይስክሬምና የሰፈር ምግብ ቤት ማስታወቂያዎች ተለቃቅመው፣ ተቀጣጥለው፣ የትዝታ ምሽት ተብለው ቀረቡ። ቲኬቱ ከመደበኛው ፊልም ይወደዳል። ለምን ቢባል፣ ትዝታ ነዋ! በነጻ ትዝታ የምሰማው እኔ በማሲንቆ ብቻ ነው።

የጎተተኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እንግሊዛዊ ነው፣ ደግ ልጅ ነው፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። "እንዳያመልጥህ" አለኝ። እኔ ማስታወቂያ ሲያመልጠኝ ስለት የሰመረልኝ ያህል ደስ የሚለኝ ሰው መሆኔን አያውቅም።

መብራቱ ጠፋ። መጋረጃው ተከፈተ። ከዚያ ያ ሙዚቃ መጣ። "ፓ-ፓ፣ ፓ-ፓ፣ ፓ-ፓ፣ ፓ-ፓ..." አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አጠገቤ የተቀመጡ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አብረው ፓ-ፓ ይላሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ባልደረባዬም ፓ-ፓ ይላል። እኔ ብቻ ነኝ ዝም ያልኩት፣ ያውም በከፈልኩበት።

ለማያውቅ ላስረዳ። በ1953 ኧርኒና ቻርልስ ፐርል የሚባሉ ወንድማማቾች ከቦብ ዲን ጋር ሆነው ፐርል ኤንድ ዲን የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ሰባትና ስምንት ስንቀንስ እንዳናመሽ።) ሥራቸው ለሲኒማ ቤቶች ማስታወቂያ ማቅረብ ነው። በ1968 ፒት ሙር የሚባል ሙዚቀኛ "አስትሮይድ" የሚል አጭር ዜማ ሠራላቸው። ግጥም የለውም። ፓ-ፓ ብቻ ነው። መልእክቱ ግን ለሁሉም ግልጽ ነበር። አሁን ማስታወቂያ ሊጀምር ነው፣ ሽንት ቤት የምትሄዱ ሂዱ። ዛሬ እንግሊዞች ለዚህ ዜማ ያለቅሳሉ።

እንዴት አልናደድ? እነዚሁ ሰዎች በአዘቦቱ ቀን ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ቲኬቱ ላይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። ፊልሙ የሚጀምረው ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መሃሉ የመኪና፣ የስልክ፣ የሽቶና የባንክ ማስታወቂያ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ገና ወደፊት የሚወጡ ፊልሞች ቅንጫቢ። ሰዉ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ ሒሳቡን ያሰላል፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያረፍዳል፣ በጨለማ እግሬን እየረገጠ ይገባል። ምን ላለማየት? ማስታወቂያ ላለማየት!

ደግሞ ይቺን ሳልናገር አላልፍም። በሐበሻ ቀጠሮ ስንታማ የኖርነው እኛ ነን። የእንግሊዝ ሲኒማ ቤት ግን በየቀኑ፣ በታተመ ቲኬት፣ ገንዘብ ተቀብሎ የሐበሻ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። እኔ ሠርግ ላይ ሳረፍድ ቢያንስ ትራፊኩን እወቅሳለሁ። እነሱ ይቅርታም የላቸው። እንዲያውም የዘገዩበትን ግማሽ ሰዓት ለሽቶ ሻጭ ሸጠውታል። ይህን ብልሃት እኛ ብናውቅበት ኖሮ ስንት የሠርግ ወጪ በተሸፈነ! ሙሽሮቹ እስኪመጡ ድረስ ለታዳሚው የቢራና የቀለም ማስታወቂያ ማሳየት ነው።

ወደ ለቃሾቹ ልመለስ። ነገራቸው የለቅሶ ቤት ነገር ነው። በሽተኛውን አንድ ቀን ብርቱካን ይዞ ያልጠየቀው ዘመድ ነው ቀብሩ ላይ ደረቱን የሚደቃው።

ከሁሉ ይበልጥ ያስጨበጨባቸው የሰፈሩ ምግብ ቤት ማስታወቂያ ነው። እሱን እንኳ ልንገራችሁ፣ ያስቃል። ፊልሙ ከማርጀቱ የተነሳ ቀለሙ ለቆ ሁሉም ነገር ሮዝ ሆኗል። ሰዎቹ ሮዝ፣ ሩዙ ሮዝ፣ ግድግዳው ሮዝ። ከላይ እስከ ታች የጭረት መስመር ይዘንባል። አንድ ጸጉሩን ያሳደገ ሰውዬና አንዲት ሴት ሻማ አብርተው ይሳሳቃሉ። አስተናጋጁ ወይን ይቀዳል። ሴትየዋ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ምስሉ ድንገት ይቆምና በእጅ የተጻፈ የሚመስል ሰሌዳ ይመጣል፤ የምግብ ቤቱ ስምና አድራሻ። ድምፁም ይለወጣል። እስካሁን ሲያባብል የነበረው ወፍራም ድምፅ ይሄድና ሌላ ሰው፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ እንደቸኮለ "ከዚህ ሲኒማ ቤት የሁለት ደቂቃ መንገድ" ይላል።

ቀልዱ የቱ ጋ ነው? ያቺው ሴትዮ በሊድስ ከተማም ዓይኗን ትጨፍናለች። በካርዲፍም ትጨፍናለች። ፊልሙ አንድ ነው፤ የሚለወጠው መጨረሻ ላይ የሚለጠፈው ስም ብቻ ነው። የህንድ ምግብ ቤቱም፣ የጸጉር ቤቱም፣ የመኪና ሻጩም እንዲሁ ነበሩ። ፊልሙን ያመነ ተመልካች ሁለት ደቂቃ ተጉዞ ሲደርስ ሻማ የለም፣ ወይን የሚቀዳ የለም፣ ያቺም ሴትዮ የለችም። ሩዙ ግን አለ። ያኔ ያየ ሁሉ ይስቅበት ነበር። ዛሬ "እንዲህ ያለ ቅንነት ቀረ" ብለው ይተክዛሉ። የቱ ነው ቅንነቱ? ካርዲፍ ላይ የሊድስን ሩዝ ማሳየት?

ባልደረባዬ ይህን ማስታወቂያ ሲያይ "ልጅነቴን አስታወሰኝ" አለኝ። የማን ልጅነት? እሱ ሲወለድ እኮ እነዚህ ፊልሞች ሮዝ ሆነው አልቀዋል!

"የማያውቁት አገር አይናፍቅም" ይላል የእኛ ሰው። ይህን ተረት እወደዋለሁ። በየአጋጣሚው እጠቀምበታለሁ። ልጄ ጓደኛዋ ቤት ያየችውን መዋኛ ገንዳ ስትመኝ እተርትባታለሁ። ባለቤቴ የሌላ ሰው ወጥ ቤት ፎቶ ስታሳየኝ እተርትባታለሁ፣ እሷ ግን በተረት አትመለስም። አንድ ጊዜ ደግሞ እዚሁ ተወልዶ ያደገ የጓደኛዬ ልጅ ስለ ጎንደር እያወራ ሲያለቅስ ተረትኩበት። ሄዶ አያውቅም። "አጎቴ፣ ስለማላውቀው አይደል እንዴ የሚናፍቀኝ?" አለኝ። ልጅ ናቸው ብለን እንጂ እነዚህ የዚህ አገር ልጆች አፍ አስይዘውናል። ዞር ብዬ ሳስበው እውነቱን ነው። ጎንደርን የማያውቅ ሰው ናፍቆት ውስጥ አቧራ የለም፣ የመብራት መጥፋት የለም፣ "ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?" የሚል ጎረቤት የለም። ባልደረባዬም እንዲሁ ነው። እሱ የሚናፍቀው ሲኒማ ቤት ውስጥ የማንም ሲጋራ ዓይኑን አላቃጠለውም።

ሲጋራው ቀላል አልነበረም መቼም። በየወንበሩ ጀርባ የሲጋራ መተርኮሻ ነበር። ከኋላ ከፕሮጀክተሩ የሚወጣው ብርሃን በጭሱ ውስጥ ሲያልፍ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር ይላሉ። የዚህን ጭስ ውበት ሲያወሩ ብትሰሟቸው ዕጣን መስሏችሁ "ቡናው የት አለ?" ትላላችሁ። ቴሌቪዥን ላይ የሲጋራ ማስታወቂያ በ1965 ተከለከለ። ሲኒማው ላይ ግን ለዓመታት ቀጠለ። ለዚህ ነው የሲጋራ ሻጮቹ ገንዘባቸውን እዚያ ያፈሰሱት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤንሰን ኤንድ ሄጅስ ያሠራውን አየን። በረሃ አለ፣ ሄሊኮፕተር አለ፣ እንሽላሊት የመሰለ አውሬ አለ፣ የወርቅ ቀለም ያለው ፓኮ አለ። ቃል የሚባል የለም። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልገባውም፤ ሁሉም አጨበጨበ።

አንዱን ግን በደንብ ገባኝ። ኪያ ኦራ የሚባል የብርቱካን መጠጥ አለ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ በብዛት ይሸጥ የነበረ። በ1980ዎቹ ማስታወቂያው ላይ ቁራዎች መጠጡን ፍለጋ አንድ ልጅ ይከተላሉ። ይህን ያልዘመረ አልነበረም አዳራሹ ውስጥ። ቁራዎቹ የሚናገሩበት መንገድ በጥቁር ሰው አነጋገር ላይ መቀለድ ነው ብለው ኋላ ላይ የተቹት ብዙ ናቸው። እኔም ስሰማው ጆሮዬ ቆመ። ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። አዳራሹ ውስጥ ጥቁር እኔና ትኬት ቆራጩ ብቻ ነን። እሱ ደግሞ ብልጥ ነው፣ በሩ ላይ ቀርቷል።

እስቲ ስለ ዳቦው ላንሳ፣ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ በሽታ ሥሩ እዚያ ነው። ሲኒማ ሳይሆን ቴሌቪዥን ላይ የታየ ነው፣ ቢሆንም ይሁን። በ1973 ኋላ ዝነኛ የፊልም ዳይሬክተር የሆነው ሪድሊ ስኮት፣ ያኔ ገና የማስታወቂያ ሰው ነው፣ ለሆቪስ ዳቦ አንድ ማስታወቂያ ሠራ። ዶርሴት ውስጥ ሻፍትስበሪ በምትባል ከተማ፣ ጎልድ ሂል የሚሉት ቀጥ ያለ ባለድንጋይ ዳገት ላይ አንድ ልጅ ዳቦ የጫነ ብስክሌት እየገፋ ይወጣል። ከጀርባ የድቮርዣክ ሲምፎኒ በጡሩምባ ይንቆረቆራል። አንድ የሽማግሌ ድምፅ ልጅነቱን ያስታውሳል። ልብ በሉ። ማስታወቂያው ራሱ የተሠራው በናፍቆት ነው። በ1973 ቁጭ ብለው ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን እየናፈቁ ዳቦ ሸጡ። ዛሬ ደግሞ ያንን ናፍቆት የሚናፍቁ ሰዎች አሉ። ነገ ደግሞ የዛሬዎቹን ለቃሾች የሚናፍቅ ይመጣል። ዳቦውን የሚያነሳው ሰው የለም። ዳገቱ ላይ ብስክሌት ስለገፋው ልጅማ ጭራሽ ማንም አይጠይቅ። እኔ ግን ወላጆቼ እህል ወፍጮ የላኩኝ ልጅ ስለነበርኩ ዳገት ላይ ሸክም መግፋት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሲምፎኒ አይሰማም።

አንድ ነገር ላይ ግን እሺ እላለሁ፣ ባትሪዋ ላይ። ድሮ በእንግሊዝ ሲኒማ ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ሴት በትንሽ ባትሪ መንገድ እያሳየች ወንበርህ ድረስ ትወስድሃለች። የኋላው ረድፍ ላይ ሲሳሳሙ ድንበር ያለፉ ካሉ ባትሪዋን ታበራባቸዋለች። ከሚያወሩት ላይ ታበራለች። ጫማቸውን ከፊት ወንበር ላይ ከሰቀሉት ላይ ታበራለች። አንዲት ሴት፣ አንድ ባትሪ፣ ሙሉ ሥርዓት። ዛሬ ባትሪው በየሰዉ እጅ ነው። ፊልሙ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ልብ ሲያንጠለጥል ከፊቴ ያለው ሰውዬ ስልኩን ከፍቶ የእራት ፎቶ ያያል። የት ናት ያቺ ሴት?

ባትሪዋ ደግሞ በጣም ታስፈልግ ነበር፣ ምክንያቱም ሰዉ በፈለገው ሰዓት ነበር የሚገባው። ይህ ከሁሉ የሚገርመኝ ልማዳቸው ነው። ፊልሞቹ ከቀትር በኋላ ጀምሮ እስከ ምሽት ሳይቋረጡ ይዞራሉ። ዋናው ፊልም አለ፣ አጃቢ ፊልም አለ፣ ዜና አለ፣ ማስታወቂያ አለ። አንተ ከሥራ ስትወጣ መሃሉ ላይ ትገባለህ። ገዳዩ ሲያዝ ታያለህ። ከዚያ ሌላ ፊልም ታያለህ፣ አይስክሬም ትበላለህ፣ ዜና ታያለህ። በመጨረሻ ሟቹ በሕይወት ብቅ ይላል፤ ገዳዩም ፈገግ ብሎ ሰላም ይለዋል። አንተ ሁሉን አውቀህ ተቀምጠሃል፣ እንደ እግዜር። ልክ የገባህበት ቦታ ሲደርስ "እዚህ ጋ ነው የገባነው" ብለህ ተነስተህ ትወጣለህ። የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በ1960 "ሳይኮ" ፊልሙን ሲያወጣ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ብሎ እንደ አዲስ ሕግ ያስነገረው ለዚህ ነው። እስከዚያ ድረስ ፊልምን ከመጀመሪያው ማየት እንደ ግዴታ አይታይም ነበር። አሁን እኔ ሁለት ደቂቃ አርፍጄ ስገባ የሚገላምጡኝ የእነዚያ ሰዎች ልጆች ናቸው።

ወንበር ካነሳን አይቀር፣ አንድ የቆየ ቂም አለብኝ።

ወንበር ቁጥር ከመያዙ በፊት ቀድሞ የገባ ነው የሚይዘው። እኔ ቀድመው ከሚገቡት ነኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ወዳጄ ደግሞ "ቦታ ያዝልኝ" ከሚሉት ነው። ቦታ ያዝልኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አንዱ ወንበር ላይ ጃኬትህን ትጥላለህ። ሌላው ላይ ቦርሳህን። ሦስተኛው ላይ ዣንጥላህን፣ ምክንያቱም "ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ነኝ" ብሏል። ከዚያ አዳራሹ ይሞላል። እያንዳንዱ የሚገባ ሰው መጥቶ "ሰው አለበት?" ይልሃል። "አለበት" ትላለህ። ሰው የለበትም። ዣንጥላ ነው ያለበት። ሽማግሌ መጥቶ ይጠይቅሃል። ነፍሰ ጡር መጥታ ትጠይቅሃለች። መብራት ሲጠፋ አዳራሹ ሙሉ በዓይኑ ይወጋሃል። ወዳጄ የሚመጣው ፊልሙ ግማሽ ሲደርስ ነው፣ ብቻውን፣ ፈንዲሻ ይዞ። "እነሱ ሌላ ጉዳይ ገጠማቸው" ይላል። ከዚያ ምን ይላል? "እስካሁን ምን ሆነ?"

ይህ ሰው ቤተ ክርስቲያን ቦታ አስይዞኛል። ማኅበር ላይ አስይዞኛል። አውቶቡስ ላይ አስይዞኛል። ሲኒማ ቤቶች ወንበር ላይ ቁጥር ሲጽፉ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በሳምንቱ ደውሎ "ኢንተርኔት ላይ ቦታ ያዝልኝ፣ ሒሳቡን እሰጥሃለሁ" አለኝ። ሒሳቡን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው። እዚህ ላይ ስለ ብድርም ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ልተወው።

ጋሼ ስለ ድሮው ሲኒማ የነገሩኝን ግን ልንገራችሁ። ጋሼ የምንላቸው አባት በ1960ዎቹ ለትምህርት ነው ለንደን የመጡት፤ አሁን ሰማንያን አልፈዋል። ያኔ የመጨረሻው ፊልም ሲያልቅ የንግሥቲቱ መዝሙር ይሰማል። ሕዝቡ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ልማዱ ይህ ነው። የሆነውስ? የፊልሙ የመጨረሻ ስሞች ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲሉ አዳራሹ ሙሉ ኮቱን ይዞ ወደ በር ይሮጣል። መዝሙሩ ሳይጀምር ለመውጣት። የተያዘ ይቆማል፣ ያመለጠ አውቶቡስ ይይዛል።

"ታዲያ እርስዎስ፣ ጋሼ?"

"እኔማ እቆማለሁ! ንጉሥ ካለበት አገር መጥቼ የዘውድ መዝሙር ሲዘመር ልሩጥ? እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች? እኔና አንዲት አሮጊት ብቻ ቀርተን እንቆማለን። ውሻም ነበራት፣ እሱም ይቆማል። መዝሙሩ ሲያልቅ አሮጊቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ። እንግሊዞች የንጉሥ ክብር ያውቃሉ ብለውን ነበር እኮ የላኩን።"

ልማዱ በኋላ ቀስ በቀስ ቀረ። እና ዛሬ "መዝሙሩ ይመለስ፣ ክብር ጠፋ" እያሉ የሚያለቅሱት እነማን ናቸው? እነዚያው ሯጮች ናቸው! በዚያ ዘመን የቆመው ያበሻ ልጅ ነው።

ዜናውን ደግሞ አንርሳ። ከፊልሙ በፊት የሚታይ አጭር ዜና ነበር፤ ፓቴ፣ ሙቪቶን፣ ጎሞንት ብሪቲሽ የሚባሉ ድርጅቶች የሚሠሩት። የፈረስ ውድድር፣ አዲስ የወጣ ባርኔጣ፣ አንድ ልዑል ድልድይ ሲመርቅ። በ1935 እና በ1936 ደግሞ እኛ ነበርን። ጣልያን አገራችንን ሲወር እንግሊዞች በዚያ ዜና ነው ያዩን፣ ከባርኔጣውና ከፈረሱ ጎን። ጃንሆይ በጁን 1936 በስደት ለንደን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ሲደርሱ ካሜራዎቹ ነበሩ። እዚያው ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ታየ። ከዚያ ወደ ባዝ ከተማ ሄደው ፌርፊልድ ሃውስ ተቀመጡ። የአንድ አገር መከራ ደቂቃ ተለክቶለት፣ ከኋላውም ሙዚቃ ገብቶለት ያልፋል። መብራት በርቶ፣ በእረፍት ሰዓት የምትሸጠው ልጅ ትሪዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቸኮሌት ይዛ ብቅ ትላለች። ቀጥሎ ዋናው ፊልም። ስለዚህ "ያኔ ሲኒማ ቤት ሁሉም ነገር ደስ የሚል ነበር" ሲሉኝ ትንሽ ቆጣ እላለሁ። ሁሉም ማለት ማነው? ዋተርሉ የወረደው ሰውዬ ይጠየቅ።

እውነቱን ለመናገር ሲኒማ ቤቱንም የገደሉት እነሱ ናቸው። በ1946 በእንግሊዝና በቀሪዋ ብሪታንያ 1.6 ቢሊዮን ቲኬት ተሽጧል። ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር በነፍስ ወከፍ ሲካፈል በዓመት ከ30 ጊዜ በላይ ነው። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። በ1955 ደግሞ ማስታወቂያ ያለበት ጣቢያ ጀመረ። ሰዉ በቤቱ ካልሲውን አውልቆ፣ ሻዩን ይዞ፣ ማስታወቂያውን እዚያው ማየት መረጠ። በ1984 የተሸጠው ቲኬት 54 ሚሊዮን ደረሰ። አንድ ሰው በዓመት አንዴ እንኳ አልሞላም ማለት ነው። ለንደን ኪልበርን ሰፈር ያለውን ጎሞንት ስቴት ሲኒማ ብታዩት ታዝናላችሁ። በ1937 ሲከፈት ከ4,000 በላይ ወንበር ነበረው፣ የራሱ ኦርጋን ያለው ቤተ መንግሥት። ቆይቶ ቢንጎ መጫወቻ ሆነ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፊንስበሪ ፓርክ ያለው አስቶሪያም ከሲኒማ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ፣ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዞሯል። ቢያንስ ጸሎት ላይ ማስታወቂያ የለም። አለ እንዴ? አሥራቱ ሲሰበሰብ የሚባለውን ካልቆጠርነው።

ያን ሁሉ አዳራሽ ባዶ ያደረጉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ አሁን ባዶውን ዳር ዳር እያሉ የሚተክዙት። በ1985 ሚልተን ኪንስ ላይ ባለ ብዙ አዳራሹ ሲኒማ ተከፍቶ ሰዉ ወደ ፊልም ሲመለስ ግን፣ አሮጌው እየተረሳ መሄዱን ማንም ልብ አላለም። ፓርኪንግ ነበረዋ!

አዎ፣ ስለ ማስታወቂያው ነበር የማወራው። ምሽቱ ሲያልቅ ሴትዮዋ እንባቸውን ጠርገው "ያኔ ማስታወቂያው ራሱ ፊልም ነበር፣ አይደል?" አሉኝ። "አዎን እትዬ" አልኳቸው በሐበሻ ወግ፤ ትልቅ ሰው አይሟገቱም። ከዚያ ሻንጣቸውን ከፍተው የወረቀት ፕሮግራም አወጡ። የሚቀጥለው ወር ምሽት የመኪና ማስታወቂያ ብቻ ነው። ቲኬት አስቀድመው ገዝተዋል።

ሁሉንም ነገር አልቃወምም እኮ። እረፍቱን መልሱልኝ። በቃ እሱ ብቻ ይበቃኛል። ድሮ መሃል ላይ መብራት ይበራ ነበር። ያቺ ልጅ ትሪውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ፊት ለፊት ብርሃን ውስጥ ትቆማለች፤ በትንሽ ክብ ዕቃ አይስክሬም፣ ከጠፍጣፋ የእንጨት ማንኪያ ጋር። ሰዉ ይሰለፋል፣ ሽንት ቤት ይደርሳል፣ ወገቡን ያፍታታል። ዛሬ ፊልሙ ሦስት ሰዓት ይሆናል፣ እረፍት የለም። በ2024 የወጣው "ዘ ብሩታሊስት" መሃሉ ላይ የ15 ደቂቃ እረፍት ቢያስገባ ጋዜጣው ሁሉ እንደ ተአምር ጻፈው። እኔ ዕድሜዬ ደርሷል፤ ሦስት ሰዓት መያዝ አልችልም። ትሪ የምትይዝ ሰው ካጣችሁ እኔ አለሁ፣ አንገቴ ጠንካራ ነው። ፈንዲሻውን ግን በሰባት ፓውንድ አልሸጥም። ፈንዲሻ በነጻ ከቡና ጋር የሚቀርብ ነገር ነው፤ በሰባት ፓውንድ ሦስት ኪሎ በቆሎ ይገዛል፣ ቤት ወስደው ያፍነዱ።